የአባባ ጭልፊት

እትዬ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ጉንፋኑ ለቆሽ፣ ሥራሽም ቀንቶሽ እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን።

ትናንት የሕንጻችን ዘበኛ ለፖስተኛው፣ «እኚህ ሽማግሌ አንዲት ወፍ አታመልጣቸውም» ሲለው ሰማሁ። እውነቱን ነው። አባባ አንቺ የላክሽለትን አቅርቦ ማሳያ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከበረንዳው አይነሳም። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ያላየውን ወፍ ደብተሩ ላይ አይጽፍም። በዚህ ወር የጻፈው ግን ካቻምናና አምና ከጻፈው ይበልጣል።

ቅዳሜ የመብራት ምሰሶው ላይ ጭልፊት አይቶ፣ «ሁለት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ትዕግሥቱ ይደንቃል» ብሎ መዘገበ። እኔም አየሁት። ጥቁር ፌስታል ነው። ሽቦው ላይ ስለተጠመጠመ ከመታገሥ ሌላ ምርጫ የለውም።

«አባባ፣ ሐኪም ዘንድ ብንሄድስ?» አልኩት።

«ምነው፣ አመመህ?»

«እኔስ ደህና ነኝ።»

«እኔም ደህና ነኝ። አሁን ዝም በል፣ ታስበረግገዋለህ።»

በዚህ ሳምንት የመኪናውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ያለ ቦታው አስቀምጬበት ነበር። ሁለቴም በዳበሳ አገኘው። አንቺን ይሰማሻልና እስቲ ጻፊለት። ፊደሉን ግን እንደ ልማድሽ አታሳንሺው፤ ትልልቅ አድርጊው።

ባለቤቴ ናፍቆቷን በእኔ በኩል ልካልሻለች። የስድስት ዓመቷ ልጄም በራሷ እጅ ሰላምታ እንድትጽፍልሽ ፈልጌ ነበር፤ አሁን ግን ቤት የለችም። አባባ እንደ ሁልጊዜው መኪናውን እየነዳ ትምህርት ቤት ሊያደርሳት ወጥቷል።