የድሮው ስልክ

ሰኞ

«ዛሬም ቆሞ አገኘሁት» አሉኝ አዴ ነኢማ፣ ገና ከቢሮው በር ሳያልፉ።

«ማን?» ስላቸው «ጀማል» አሉ። የተለዩት ባላቸው ነው።

አዴ ነኢማ የሃረና ቡናና ማር ነጋዴ ናቸው። በእኛ ድረ ገጽ ላይ ዕቃ መሸጥ ከጀመሩት ቀዳሚዋ እሳቸው ናቸው። ጎባ ካለው ከባላቸው ቤት ወጥተው እዚህ ሮቤ ሱቅ ከከፈቱ ወዲህ፣ ዕቃ ሊያደርሱ የሚሄዱበት ቦታ ሁሉ ሰውየው ቀድሟቸው ይገኛል። አይናገርም። አይሳደብም። ከመንገዱ ማዶ ይቆማል፣ ያያቸዋል፣ ይሄዳል። ሲናና ሄዱ፣ እዚያ ነበር። ጎባ ሆስፒታሉ በር ላይ፣ እዚያም ነበር። ዛሬ ደግሞ እዚሁ ሮቤ፣ ለአንድ መምህር ማር ሊያደርሱ የገቡበት ቅያስ ውስጥ።

«ሼኽ ጠርቼ ቁርአን አስቀራሁ» አሉ። «ጂን ቢሆን ይሄኔ በለቀቀኝ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «ልጄ፣ እናንተ ድረ ገጽ ላይ ሰው ሊያየኝ ይችላል?»

«አይችልም» አልኳቸው። ሳላስብ። ከቤታቸው የወጡ ሰሞን የይለፍ ቃላቸውን አብሬያቸው የቀየርኩት እኔው ነኝ።

«እንግዲያው ሰሚራ ናት።»

ሰሚራ የእህታቸው ልጅ ናት፣ ሱቁ ውስጥ ታግዛቸው ነበር። የሚሄዱበትን የምታውቀው እሷ ብቻ ስለሆነች ዛሬ ከቅያሱ እንደተመለሱ ወደ እናቷ፣ ሶፍ ዑመር ሰደዷት። ልጅቷ በአላህ ምላ፣ አልቅሳ ነው የሄደችው።

ሻይ አዘዝኩላቸው፤ አልጠጡትም። መስኮቱ ጋ ቆመው መንገዱን ሲያዩ ቆዩ።

የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ያ «አይችልም» ያልኩት ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። በምን አውቄ ነው?

ማክሰኞ

መብራት እስከ ቀትር አልነበረም። ጉም። ጣቶቼ ደንዝዘው ዋሉ።

መብራት እንደመጣ የአዴ ነኢማን አካውንት ሰርቨሩ ላይ አየሁት። ልቤ እንዲያርፍ ያህል ነበር።

ለአዴ ነኢማ በቀላሉ ማስረዳት ስላለብኝ እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ልለማመድ። ሰርቨር የሰው ፊት አያውቅም። አንድ ሰው የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሲገባ፣ ሰርቨሩ ረጅም የምስጢር ቁጥር ይሰጠዋል። ስልኩ ያን ቁጥር ያስቀምጠዋል፤ ኩኪ የምንለው እሱን ነው። ከዚያ በኋላ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ስልኩ ቁጥሩን ያሳያል፣ ሰርቨሩም «አዴ ነኢማ ናቸው» ብሎ ያስገባል። ስልኩ በማን እጅ እንዳለ አይጠይቅም።

በአዴ ነኢማ ስም ሁለት ቁጥሮች በሕይወት አሉ። አንዱ አሁን የያዙት ስልክ ነው። ሌላው የይለፍ ቃሉ ሳይቀየር በፊት የገባ የድሮ ስልክ።

የይለፍ ቃል ሲቀየር ኮዳችን የድሮዎቹን ቁጥሮች አይሰርዛቸውም። ከእኔ በፊት የነበረው ፕሮግራመር እንዲህ ጽፎት ነው የሄደው። የኩኪው ዕድሜ ደግሞ አንድ ዓመት ነው፤ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ዓመቱ እንደገና ይጀምራል። ዕለት ዕለት የሚከፍተው ሰው ካለ መቼም አይሞትም።

ዕለት ዕለት የሚከፍተው ሰው አለ። ጎህ ሲቀድ ይመጣል። ቀን ላይም ይመለሳል። የሚያየው አንድ ገጽ ነው፦ የትእዛዝ ገጽ። ማን አዘዘ፣ የት ይድረስ፣ መቼ። ምንም አይነካም። አይቶ ይወጣል።

ገጹን አደስኩት። የመጨረሻ የታየበት ሰዓት ተለወጠ። አሁን። እዚያ ውስጥ ነበር።

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ፤ የሚሰማኝ መስሎኝ። ተነስቼ መጋረጃውን ዘጋሁት። ፎቅ ላይ ነን፣ ማንም አያየኝም። ቢሆንም ዘጋሁት።

ረቡዕ

ለገዲሳ ነገርኩት። ድርጅቱ የእሱ ነው፤ ፕሮግራመሯ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሰርዢው!» አለ።

ልሰርዘው ነበር። ከዚያ አሰብኩ፦ ድንገት ሲዘጋበት እንደተነቃበት ያውቃል። ያኔ ምን ያደርጋል? መዘዙ የሚወርደው በአዴ ነኢማ ላይ እንጂ በእኔ ላይ አይደለም። መጀመሪያ ይጠየቁ ብዬ ሱቃቸው ሄድኩ። በስልክ ልነግራቸው አልደፈርኩም።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንታሎ» አሉኝ እንደወትሮው፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። የማር ጣሳ እየወለወሉ ነበር። ስነግራቸው እጃቸው ቆመ።

«ስልኩን የገዛልኝ እሱ ነው» አሉ። «ስወጣ ‹የገዛሁልሽን ሁሉ ትተሽ ውጪ› አለኝ። አልጋው ላይ ወርውሬለት ወጣሁ።»

ቆይተው፦ «አሁን እያየ ነው?»

«ሊሆን ይችላል።»

ተቀመጡ። «ሰሚራ» አሉ።

ልዝጋው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ቆይ። እሱ ለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ። እርግጠኛ አልነበርኩም። ስልኩን ሸጦት ሊሆን ይችላል። ለሰው ሰጥቶት ሊሆን ይችላል።

«አንዴ ሳላረጋግጥ ፈርጄ ልጅ አባርሬያለሁ። ዋላሂ፣ ሁለተኛ እንዲህ አልፈርድም።»

ዘዴው የሳቸው ነው። በሌላ ስም የውሸት ትእዛዝ ላስገባ። መድረሻው ጎባ፣ እሳቸው ረግጠውት የማያውቁት አንድ ዳቦ ቤት በር ላይ፣ ነገ ረፋድ። ለማንም አይነገርም። እሳቸውም ከሱቃቸው አይወጡም። ሰው ከመጣ፣ ያየው ከገጹ ላይ ብቻ ነው።

ገዲሳ «በገዛ ሰርቨራችን ወጥመድ ልንዘረጋ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ትንሽ ቆይቶ «ብቻሽን አትሄጂም፣ እኔም እመጣለሁ» አለ።

ትእዛዙን አስገባሁ። ወደ ቤት ስሄድ በሌላ መንገድ ዞርኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሐሙስ

ገና ሳይነጋ እንደከፈተው አየሁ። በሚኒባስ ጎባ ወጣን። ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥን። አዴ ነኢማ ፎቶውን አሳይተውኛል፤ ያም ሆኖ የሚያልፈው ወንድ ሁሉ እሱ መሰለኝ።

መጣ።

ምን ዓይነት ሰው እንደጠበቅኩ እንጃ። ንጹሕ ሰው ነው። የተተኮሰ ኮት፣ ነጭ ኮፍያ፣ ጃንጥላ። አንድ ሽማግሌ ሲያልፉ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቃቸው። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ፣ አጥር ተደግፎ ቆመ። ስልኩን አወጣ። አየው። ዳቦ ቤቱን አየ። መልሶ ስልኩን።

ላፕቶፔን ከፍቼ ነበር። እሱ ስልኩን በነካ ቁጥር እኔ ጋ ሰዓቱ ይለወጣል። ገዲሳ ጎንበስ ብሎ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ሰውየውን አየና «ያ ዋቅ፣ አምላኬ» አለ፣ በሹክሹክታ።

ካፊያ ጀመረ። ሰውየው ጃንጥላውን ዘረጋና መቆሙን ቀጠለ። ሰዎች ወደ ጥግ ሸሹ፤ እሱ አልተንቀሳቀሰም። የቀጠራት ሴት የዘገየችበት ሰው ይመስላል። ባላውቅ ኖሮ አዝንለት ነበር። ከሁሉም ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ወደ አዴ ነኢማ ደወልኩ። «አለ» አልኳቸው።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ሲያለቅሱ ሰማሁ።

ስንመለስ ገዲሳ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያይ መጣ። ሮቤ ልንደርስ ስንል «ለእህቴም ስልክ የገዛላት ባሏ ነው» አለ።

ዓርብ

አዴ ነኢማ ጠዋት ሱቁን ዘግተው ወንድማቸው ቤት ገቡ። ፖሊስ ጣቢያም ሄደው አመለከቱ። ከዚያ ደወሉልኝ፦ «አሁን ዝጊው።»

ሰረዝኩት። ኩኪው አሁንም እሱ ስልክ ውስጥ አለ፤ ሰርቨሩ ግን ከእንግዲህ አያውቀውም።

ብዙም አልቆየ፣ የድሮው ስልክ ገጹን ሊከፍት መጣ። ቁጥሩን አሳየ። ሰርቨሩ የመግቢያውን ገጽ ሰጠው። እንደገና መጣ። እንደገና። ከዚያ የይለፍ ቃል መሞከር ጀመረ። አንዱ አልሆነም። ሌላ። ሌላ። ምን እየጻፈ እንደሆነ አላይም፤ ሰርቨሩ የይለፍ ቃል መዝግቦ አያሳይም፣ እንኳንም አላሳየ። ግን ምን ይሆን የሚሞክረው? ስማቸውን? አብረው ወልደው የሞተባቸውን ልጅ ስም? ሙከራው ሲበዛ አካውንቱ ተቆለፈ።

ከዚያ ምንም። ምንም አለመምጣቱ የባሰ አስጨነቀኝ። በስክሪን ላይ ሳለ ቢያንስ የት እንዳለ አውቅ ነበር።

ከጁምዓ በኋላ ጃርሶሊዎቹ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ አስጠርተው ጠየቁት። «የገዛ ሚስቴን ደህና መሆኗን ማየት ወንጀል ነው?» አላቸው አሉ። አንደኛው ሽማግሌ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁለት፤ ሌሎቹ አስጠነቀቁት። ወደ እሷ አልቀርብም ብሎ ማለ። አዴ ነኢማ ይህን ሲነግሩኝ «ድሮስ መቼ ቀረበኝ?» አሉ። «ከማዶ ነው የሚቆመው።»

ከሰዓት የሌሎቹን ሻጮች አካውንት አየሁ። ማየት አልፈለግኩም ነበር። የይለፍ ቃል ከተቀየረ በኋላም የሚተነፍሱ የድሮ ቁጥሮች ብዙ ናቸው። አብዛኛው በልጁ ስልክ የሚጠቀም ገበሬ ይሆናል። የቱ ልጅ እንደሆነ፣ የቱ ከማዶ የሚቆም ሰው እንደሆነ ግን በምን ልለይ?

ቅዳሜ

ያስተካከልኩት፦
የይለፍ ቃል ሲቀየር የድሮዎቹ ቁጥሮች በሙሉ ይሰረዛሉ።
«ውጣ» የሚለው ሲነካ ቁጥሩ ከስልኩ ብቻ ሳይሆን ከሰርቨሩም ይጠፋል። (እስከ ዛሬ ከስልኩ ብቻ ነበር! ይሄን ሳገኝ ጮህኩ።)
የኩኪው ዕድሜ አጠረ።
ሻጩ በስሙ የተከፈቱትን ስልኮች ሁሉ የሚያይበት ገጽ፣ ከየስልኩ አጠገብ «ዝጋ»። በአማርኛም በኦሮምኛም።

ይሄ እንዲሠራ ግን መጀመሪያ ሁሉም ሰው መውጣት አለበት። ሁሉም።

ገዲሳ ራሱን ያዘ። «በገበያ ቀን? ግማሾቹ የይለፍ ቃላቸውን ረስተውታል! የሲናና ሰዎች ቢሮ ድረስ ነው የሚመጡብኝ።»

«እስከ ሰኞ እናቆየው ትላለህ?»

መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። ሲመለስ «አስወጫቸው» አለ። «ስልኩን የምታነሺው ግን አንቺ ነሽ።»

አነሳሁ። ቀኑን ሙሉ። አንድ የሲናና ገብስ ሻጭ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ «ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው ከቤቴ ያስወጣችሁኝ?» አሉኝ።

«ምንም አላጠፉም አባቴ። ሌላ ሰው በስምዎ እንዳይገባ ብለን ነው።»

«በኔ ስም ገብቶ ምን ሊያገኝ? ገብሱን ተሸክሞ ያድርስልኝ እንጂ!»

ሳቅኩ። ሳምንቱን ሙሉ አልሳቅኩም ነበር። ድምፄ ተዘግቷል፣ ጉሮሮዬ ቆስሏል። ግን የደወሉትን ሁሉ አስገባኋቸው፣ አንድ በአንድ፣ በአዲስ የይለፍ ቃል።

እሑድ

ሰሚራ መጥታለች። አዴ ነኢማ ትናንት ከወንድማቸው ጋር ሶፍ ዑመር ድረስ ሄደው ነው ያመጧት። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወንድማቸው ቤት ጎራ አልኩ።

ልጅቷ በሩ አጠገብ ቁጭ ብላለች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። አዴ ነኢማ «አፉ በይኝ» ብለው እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ተስፈንጥራ ያዘቻቸው።

«አፉ ብያለሁ፣ አክስቴ። ከልቤ ነው» አለች። «ያን ቀን ያዩኝን አስተያየት ግን ከዓይኔ ማውጣት አቃተኝ።»

አዴ ነኢማ አልተከላከሉም። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡና እጇን ያዙ። እዚህ ትቆይ ወይስ ወደ እናቷ ትመለስ፣ ማንም አልጠየቀም። እኔን ወደ በሩ ሲሸኙኝ መጀመሪያ ግራ ቀኙን አዩ። እኔም አየሁ። መንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ ብቻ ነበር።

ቤቴ እንደገባሁ የቢሮው ስልክ ጮኸ። እሑድ እሑድ እኔ ጋ ነው የሚውለው። የሴት ድምፅ ነው፣ በጣም ቀስ ብላ።

«ሁሉም ነው የተዘጋው? ሌላ ስልክ ላይ ያለውም?»

«አዎ፣ ሁሉም። አዲስ የይለፍ ቃል ካወጡ በኋላ ከእርስዎ በቀር ማንም አይገባም።»

ትንፋሿን ሰማሁ። ከኋላዋ በር ተከፈተ፣ የወንድ ድምፅ መጣ።

«ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ» አለች። ተዘጋ።

ስሟን አልነገረችኝም። ቁጥሯ ስልኩ ላይ አለ። ልደውልላት ብዬ ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። እንደገና አነሳሁ። ብደውል ማን እንደሚያነሳው አላውቅም።

እዚህ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊቴ አስቀምጬዋለሁ። ራሷ እንደገና ትደውል ይሆናል።