የዘለልኳት ቴስት

ሰኞ

ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቦርሳዬን እንኳን ገና ጠረጴዛው ላይ አላስቀመጥኩም። የደወለችው ሲስተር የሺ ናት፣ የሆስፒታሉ ሕፃናት ክፍል ነርስ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ፍሬሕይወት፣ ሲስተማችሁ የልጅ መድኃኒት በአዋቂ ልክ እያወጣ ነው። ዘጠኝ ኪሎ ተኩል የምትመዝን ልጅ ናት። ትናንት አንዱን መርፌ ወስዳለች። ሁለተኛውን ዛሬ ጠዋት እኔ ነኝ ያስቆምኩት።»

ልጅቷ እንዴት ናት አልኳት።

«እየተከታተልናት ነው። መድኃኒቱ ሲበዛ ኩላሊት ይነካል። ጆሮም ይነካል።»

የመድኃኒት ማዘዣውን ሶፍትዌር የምንሠራላቸው እኛ ነን፤ ሆስፒታሉ ለጊዜው በወረቀትና በእስክሪብቶ እንዲሠራ ነገርናቸው። አብሮኝ የሚሠራው ብሩክ ዓርብ የላክነውን አዲስ ሥሪት አንስቶ የድሮውን መለሰ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሶፍትዌሩን የምንገነባበት፣ የምንፈትሽበትና ወደ ሆስፒታሉ የምንልክበት መሣሪያ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ኮዱ ክፍት፣ ማንም በነፃ የሚወስደው። ወደ ኋላ መመለስ ይችልበታል። የተሰጠ መርፌ ግን አይመለስም።

ብሩክ ምክንያቱን እስከ ምሳ ሰዓት አገኘው። ክብደት በነጥብ ሲጻፍ ሲስተሙ ነጥቧን ይውጣታል። 9.5 የተባለውን 95 ብሎ ያነባል። ከአዋቂ መጠን በላይ እንዳያዝዝ ገደብ ስላለው እዚያ ላይ ቆሟል። ፋርማሲስቶቹ ያልጠረጠሩት ለዚህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚያዩት ቁጥር ነው።

«ይህንን የምትይዝ ቴስት ነበረችን እኮ» አለ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው።

ቴስቷ እንድትዘለል ተደርጓል። ዓርብ ከሰዓት። የዘለላት ሰው ስም የእኔ ነው።

እንዲህ ነበር። አንድ ለውጥ ከመውጣቱ በፊት መሣሪያው ኮዱን የሚፈትሹትን ቴስቶች ተራ በተራ ያስኬዳል። ሁሉም አረንጓዴ ከሆኑ ይልከዋል፤ አንዷ ቀይ ከሆነች ይቆማል። ዓርብ አንዷ ቀላች። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ በረባ ባልረባው ቀልታ ታውቃለች። እንደዚያው መሰለኝ። ከፍቼ አላየኋትም። «ለጊዜው ትዘለል» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማክሰኞ

ልጅቷ ሃያት ትባላለች። ዓመት ከአምስት ወሯ ነው። ሽንቷ ቀንሷል።

ከዓርብ ወዲህ በሲስተሙ ያለፉትን ልጆች ከብሩክ ጋር አንድ በአንድ አየን። አሥራ ሰባት ናቸው። አብዛኞቹን ነርሶቹ አጠጋግተው በድፍን ቁጥር አስገብተዋቸዋል። በነጥብ የተጻፉት ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው ልጅ የታዘዘለት በክብደት የማይሰላ የቆዳ ቅባት ነው። ሁለተኛዋ ሃያት ናት። ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ጉዳቱ የመጣባት ክብደቷን አጠጋግቶ በጻፈ ነርስ ሳይሆን፣ ከነነጥቧ በትክክል በጻፈ ሰው ነው። ይህ ራሱ ያቃጥላል።

ነጥቧን የዋጠው ቁጥር የሚያነብልን ትንሽ ኮድ ነው። ሌሎች ሰዎች ጽፈው በነፃ የለቀቁት። ባለፈው ሳምንት አዲሱን ሥሪት አስገብተን ነበር። ሰዎቹ የነጥብ አነባበብ መቀየሩን ከሥሪቱ ጋር ባወጡት ማስታወሻ ላይ ጽፈውታል። ከታች፣ ግን ጽፈውታል። አላነበብኩትም።

ከሰዓት ስብሰባ። ሆስፒታሉ ምክንያቱን በደብዳቤ እንድናሳውቅ ጠይቋል። አቶ ሰለሞን፣ ድርጅቱን ያቋቋሙት አለቃችን፣ «ነፃ መሣሪያ ነው የጣለን እንበል። ውሸትም አይደለም። ባለቤት የሌለው ነገር ነው፤ የሚቀየም የለም» አሉ። ደብዳቤውን እኔ እንድጽፈው አዘዙኝ።

ብሩክ አየኝ። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። ሌላ ቦታ ባልናገረው እንኳን እዚህ ይጻፍ፤ ዝም አልኩ።

ረቡዕ

ሲስተር የሺ ጋ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስተኛው ላይ «ፍሬ፣ የደም ውጤቱ ነገ ነው። ስትደውዪ አይፈጥንም» አለችኝ። ልክ ናት።

ሥራ አልሄድኩም፤ አሞኛል አልኩ። ከሰፈራችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱን ይዤ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ጭጋግ ነበር። እንጨት የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ሲወርዱ መንገድ ለቀቅሁላቸው። አንዷ «አይዞሽ ልጄ» አለችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች እንጃ።

ስመለስ አባዬ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ዕድሜውን የጨረሰው ላምበረት ባለ ጋራዥ፣ ወደ ሰሜን የሚወጡ አውቶቡሶችን ሲጠግን ነው። በወጉ ሳልበላ ሁለት ቀን መሆኑን ቆጥሯል። ነገርኩት። ቴስት ምን እንደሆነ ማስረዳት ይከብደኛል ብዬ ነበር፤ አልከበደም።

«ፍሬኑን ሳታዪ መኪና እንደመልቀቅ ነዋ» አለ።

አዎ አልኩት።

«እኔም ለቅቄ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ። መንገደኛው ተሳፍሮ ይጮህብኛል፣ ሹፌሩ ይጮህብኛል፤ አይቻለሁ ብዬ ፈረምኩ። ደሴ በሰላም ገባ። ምንም አልሆነም። ለማንም አልተናገርኩም።» ጉልበቱን አሸት አደረገ። «ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። ምንም ሳይሆን እንኳን አልለቀቀኝም፤ የአንቺማ...»

አልጨረሰውም። ገብቶ ምሳ አቀረበልኝ። ጥቂት በላሁ።

ሐሙስ

የደም ውጤት፦ ኩላሊቷ ተጎድቷል፤ ግን ከሰኞው አልባሰም። ዶክተሩ ተስፋ አለው። ሲስተር የሺ «ተስፋ» ስትል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ። አንዱ አቶ ሰለሞን እንዳሉት ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እውነት ነው፤ ሲደማመር ግን ውሸት ነው። ሁለተኛው አጭር ነው። ቴስቷ ስህተቱን ይዛው ነበር፤ እኔ ዘለልኳት፤ ከፍቼ አላየሁም። ስሜን ጻፍኩበት።

ሁለተኛውን ይዤ ገባሁ። አቶ ሰለሞን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ይህ ከወጣ ከሥራ ልትወጪ እንደምትችዪ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ድርጅቱም ሊዘጋ ይችላል። ብሩክም እንጀራው ነው።»

ይህኛውን አላሰብኩትም ነበር። «መሣሪያው አልጣለንም፣ ጋሽ ሰለሞን። ቁሙ ብሎን ነበር» ብቻ አልኩ። ደብዳቤውን ጠረጴዛቸው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ለብሩክ ስነግረው «የኔን እንጀራ ለኔ ተዪው» አለ። ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ አልገባኝም።

ዓርብ

አቶ ሰለሞን ጠዋት ቢሮ የሉም። ሲስተሙ ገና ዝግ ነው። ቴስቷን መለስኳት፤ ቀላች። ኮዱን አስተካከልን፤ አረንጓዴ ሆነች። በነጥብ፣ በሰረዝ፣ በባዶ ቦታ የሚጻፉ ክብደቶችን የሚፈትሹ ሌሎች አሥራ አንድ ጨመርን። ብሩክ ደግሞ ማንም ሰው ብቻውን ቴስት መዝለል እንዳይችል መሣሪያውን አስተካከለው። ከእንግዲህ ሁለት ሰው መፈረም አለበት። ይህ ቅንብር ድሮም ነበረ፤ እኛ ነን ያልነካነው።

የቁጥሩን ኮድ የጻፉት ሰዎች ችግር የሚመዘገብበት ለሁሉም ክፍት የሆነ ገጽ አላቸው። የሆነውን እዚያ ጻፍኩ። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ ማስታወሻውን ያላነበብኩት እኔ ነኝ፤ ነገር ግን በዚህ ኮድ የመድኃኒት መጠን የምታሰሉ ሰዎች ካላችሁ ዛሬውኑ ፈትሹ አልኩ። የሆስፒታሉንም የልጅቷንም ስም አልጠቀስኩም። ላክሁት።

ከሰዓት አቶ ሰለሞን መጡ። ከሆስፒታሉ ነው የመጡት። ደብዳቤዬን ራሳቸው ወስደው ሰጥተዋል። ከሥሩ በእጃቸው አንድ መስመር ጨምረውበታል፤ ዓርብ ካልወጣ ብዬ ሠራተኞቼን ያጣደፍኩት እኔ ነኝ ብለው።

«ምን አሉ?» አልኳቸው።

«ኮሚቴ አቋቁመናል አሉ። እስኪወስኑ ሲስተሙ አይከፈትም።» በሩ ላይ ቆም ብለው «ሰኞ ሥራ ግቢ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም አላውቅም» አሉኝ።

ቅዳሜ

ገጹ ላይ ሁለት መልስ አገኘሁ።

አንዱን የጻፈው ኮዱን ከሚጠብቁት ሰዎች አንዱ ነው። የትርፍ ጊዜ ሥራው ነው፤ በቀኑ አስተማሪ ነኝ ይላል። ማስጠንቀቂያውን ከማስታወሻው አናት ላይ እንዳወጣው፣ ለአሮጌው አነባበብም ማስተካከያ እየሠራ መሆኑን ጽፏል። «ልጅቷ እንዴት ናት?» ብሎ ጠይቋል። ባለቤት የለውም ብለን ነበር።

ሁለተኛው የማላውቀው ሰው ነው፣ ከየት አገር እንደሆነም አልጻፈም። የገጠር ክሊኒኮች ሲስተም ይሠራል። «ሰኞ ልናወጣው ተዘጋጅተን ነበር። እኛ ጋም ነጥቧን ይውጣታል። ለዚህ ደግሞ ምንም ቴስት አልነበረንም። አስቁመነዋል» ይላል።

ደጋግሜ አነበብኩት። አለቀስኩ። ደስታ አይደለም። ምን እንደሆነ አላውቅም።

እሑድ

ሃያት ዛሬ ወጣች። ሽንቷ ተስተካክሏል፤ የደም ውጤቷም ወደ ደህናው ተመልሷል። ሲስተር የሺ ናት የነገረችኝ። እናቷን ማግኘት እንደምፈልግ ስነግራት ዶክተሩን ጠየቀችልኝ፤ ቀጥላ እናትየዋን ጠየቀቻት። እሺ አለች።

እናቷ ነጂማ ትባላለች። ከስልጤ የመጣች ናት፣ ላምበረት ጨርቅ ትሸጣለች። ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ልጅቷን አዝላ፣ ፌስታሎቿን እግሯ ሥር አድርጋ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። እኔ ነኝ አልኳት። ማየት የነበረብኝን ሳላይ አሳለፍኩ፤ በዚያ ምክንያት ነው ልጅሽ የታመመችው።

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። እንድትሰድበኝ የፈለግሁ ይመስለኛል።

«ኮምፒውተሩ ነው የተሳሳተው አሉኝ» አለች። «ሳምንቱን ሙሉ። እኔ ኮምፒውተርን ምን ልበለው? ምን ብዬ ልቆጣው?»

«እኔን ተቆጪኝ።»

«ተቆጥቻለሁ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ይቅርታውን አሁን አትጠይቂኝ። አላህ ያውቃል።»

አልጠይቅሽም አልኳት። ሃያት ከጀርባዋ ላይ ሆና የአንገት ልብሴን ጫፍ ያዘች። ነጂማ አላስለቀቀቻትም።

«የጆሮዋን ምርመራ በወሩ ነው ያሉት» አለች። «ሰው በማይበዛበት ቀን አስቀጥሪልኝ። ሱቄን ዘግቼ ነው የምመጣው። አንቺም ነይ። ውጤቱን ሲነግሩኝ አብረሽ ስሚ።»

«እመጣለሁ።»

ፌስታሎቹን እስከ ታክሲው ተሸከምኩላት። ተሳፈሩ። ነገ ሥራ እገባለሁ፤ ማክሰኞ ቀጠሮ ማስያዣው ክፍል ሲከፈት እሄዳለሁ።