ግድግዳው ዝም አለ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ እማዬም ሰላም ብላሃለች።

ከሥራ ስመለስ ክፍሌን ዘግቼ ተመስጦ ጀምሬአለሁ። መንፈሳዊ መምህሬ በስልክ ትመራኛለች፤ ዓይን ጨፍኖ፣ ትንፋሽን ተከትሎ የውስጥን ጸጥታ መፈለግ ነው። በጎን ካለው ክፍል የተኛችው እማዬ ደግሞ ውሃ ሲጠማት የሚለየንን ግድግዳ በከዘራዋ እንደ ከበሮ ትደልቀዋለች። አንድ ቀን «ኧረ እባክሽ፣ ለዚህች ሰዓት እንኳ ተይኝ» አልኳት። «እሺ ልጄ፣ አልረብሽሽም» አለች።

ከዚያ ወዲህ በሌላም ሰዓት አታንኳኳም። መምህሬ «ጸጥታውን አገኘሽው?» ትለኛለች። ዓይኔን ብጨፍንም ጆሮዬ ግድግዳው ላይ ነው። ትናንት እኔው አንኳኳሁ። ቆይታ፣ ቆይታ፣ በከዘራዋ ሳይሆን በጣቷ ቀስ ብላ መለሰችልኝ።

የዓመት እረፍትህን ቀደም አድርገህ ብትመጣ መልካም ነው፤ ሌላ ነገር የለም፣ ናፍቀኸን ነው። እስከዚያው ደውልላት፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እኔ እይዝላታለሁ።

ሰላምህ ይብዛልን፤
ታናሽ እህትህ