ስለ ጣትሽ ተናገርኩ

ሙልዬ፣ ዓይናለም ነኝ፣ በእናትሽ የዛሬን እመኚኝ! ያኔ ኮብልስቶን ስናነጥፍ ድንጋዩ ጣትሽን ሲጨፈልቀው፣ አለቃችንን ፈርቼ «አላየሁም» ብዬ ካድኩሽ። አሁን ግን ሁሉንም ለፊልም ሰሪዎቹ ተናገርኩ! ደብረ ታቦር ያነጠፍነው ሰፈር እንደ እናንተ እብናት ጭቃ የለበትም፣ እንዴት እንደተቀየረ ነው የሚቀርጹት። አለቃው እንዳይሰማ ዞር ዞር ስል ቀራጯ ሶፊያ ካሜራዋን አጥፍታ እጄን ይዛ «አይዞሽ እህቴ፣ የሚያስቸኩለን የለም» አለችኝ፤ እግዜር ይስጣት፣ እንዲህ ሰምቶኝ የሚያውቅ የለም። ዛሬ ማታ ለሰፈሩ ሰው ያሳዩታል፣ አለቃውም ይመጣል አሉ፣ ፈርቻለሁ፣ ዳግም ግን አልክድሽም። አብሯት የሚቀርጸው ሲሳይ «ሙሉ ሳትፈቅድ ስሟን አናወጣም» አለ። የሶፊያን ስልክ ያለበትን ካርድ በእብናቱ ሚኒባስ ሹፌር ልኬልሻለሁ፣ እናትሽን እትዬ ገነትን ሳሚልኝ። ስምሽ በፊልሙ ይውጣ ወይስ ይቅር? በሞቴ ሳይመሽ ደውይልኝ!