አስቀድሞ ተነግሯት ነበር የሚለው ቃል እንዲታረም

ቀን፦ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጥድ ሜዳ ፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ለሟች አሲያ አብዱልሀሚድ አባት በተጻፈው ደብዳቤ ላይ ያለው ስሕተት እንዲታረምና ማስጠንቀቂያ ለነዋሪ የሚደርስበት አሠራር እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ገብረአብ ወልደተንሣኤ ጡረታ የወጣሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የጥድ ሜዳ ሰፈር ነዋሪና የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ይህን የማቀርበው ጣቢያውን ለመክሰስ አይደለም። ጣቢያው በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ እውነት ያልሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ለዚያም ምክንያቱ የእኔ ፊርማ ነው።

1. ሟች አሲያ ከአልዩ አምባ መጥታ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራ ነበር። በግቢዬ ካሉት ሁለት የኪራይ ክፍሎች በአንዷ አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖራለች። የክፍሏ በር ከእኔ በር አሥራ አንድ እርምጃ ይርቃል። ይህን የለካሁት ከሞተች በኋላ ነው።

2. ሐሙስ ጥር 22 ቀን ከቀትር በኋላ የጣቢያው ባልደረባ አንድ ማስጠንቀቂያ ይዞልኝ መጣ። የኋላ መስኮቱ በላስቲክ የተሸፈነ ባጃጅ ማለዳ ወደ ሥራ የሚሄዱ ሴቶችን እያሳፈረ ከከተማ ወጣ አድርጎ እንደሚዘርፍ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ሴቶች መጎዳታቸውን የሚገልጽ፣ ነዋሪውም ብቻውን እንዳይሳፈር የሚያሳስብ ነው። ግልጽና በጊዜው የወጣ ጽሑፍ ነበር። ባልደረባው ከበር ሳይገባ፣ «ጋሼ፣ ይፈርሙልኝና ልሂድ፤ ገና ስድስት እድር ይቀረኛል» አለኝ። ፈረምኩለት።

3. የፈረምኩበት የመረከቢያ መዝገብ በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ «መልእክቱ ለነዋሪው ተላልፏል» የሚል የታተመ ቃል አለው። ፊርማው የሚያርፈው ከዚያ ሥር ነው። በእድር ጸሐፊነት ባገለገልኩባቸው ስድስት ዓመታት ወረቀቱን እንደተቀበልኩ፣ ለማንም ሳልናገር፣ ሁልጊዜ እዚያው እፈርማለሁ። ሌሎቹ ጸሐፊዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ያልተፈጸመን ነገር ተፈጽሟል ብሎ መፈረም ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ነገሩ ልማድ ስለነበረ አላየሁትም።

4. በእድራችን ደንብ ከመንግሥት የመጣ ወረቀት የሚነበበው ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ በስብሰባ ላይ ነው። ጥሩንባ የሚነፋው ለሞት ብቻ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን በእድሩ መዝገብ ውስጥ አጥፌ ለየካቲት 2 አስቀመጥኩት። ተከራዮች የእድሩ አባል ስላልሆኑ በስብሰባው አይገኙም። ወረቀቱ በቀኑ ቢነበብም አሲያ አትሰማውም ነበር።

ባለቤቴ ወይዘሮ አስካለማርያም አርብ ዕለት ወረቀቱን ስታይ፣ «ለልጅቷ ነግረሃታል? በጨለማ እኮ ነው የምትወጣው» ብላኝ ነበር። «እሑድ ይነበባል» አልኳት። የትኛው እሑድ እንደሆነ እንኳ አልገለጽኩላትም። በማግስቱ አሲያ ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ሰላም ተባባልን። እጇ በውርጩ ተሰነጣጥቆ ነበርና ቫዝሊን እንድትቀባ መከርኳት። ስለ ባጃጁ ምንም አላልኳትም። ትዝ ቢለኝ ኖሮ እነግራት ነበር ብዬ ለራሴ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ትዝ ብሎኝ ነበር፤ በተራው ይነገራል ብዬ አለፍኩት።

5. ማክሰኞ ጥር 27 ቀን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሲያ ወደ ሥራ ወጣች። የፈረቃ ለውጥ ስለነበረ አብረዋት የሚሄዱት ሁለት ጓደኞቿ በዚያ ሳምንት አልነበሩም። ብርዱ ከባድ ነበር፤ ባጃጅ ሲቆምላት ገባች። ከዋናው መንገድ ሲወጣባት እየሄደ ሳለ ዘልላ ወረደች። በዚያው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ነበር። ተጠርጣሪው ተይዞ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ስለሆነ በዚያ ላይ የምለው የለኝም።

6. የካቲት 2 ቀን እድሩ ተሰበሰበ። ማስጠንቀቂያውን እንደ ደንቡ አነበብኩት። አንብቤ ስጨርስ አንድ ሽማግሌ፣ «ጸሐፊ፣ ይህ ወረቀት መቼ ነው የመጣው?» ብለው ጠየቁኝ። ቀኑን ነገርኳቸው። ሌላ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

7. ጣቢያው የካቲት 28 ቀን ለአባቷ ለአቶ አብዱልሀሚድ በጻፈው ደብዳቤ፣ «ስለ ወንጀሉ ለአካባቢው ነዋሪ አስቀድሞ የተነገረ ሲሆን ሟች ማስጠንቀቂያውን ባለመከተል በመሳፈራቸው» የሚል ቃል ሰፍሯል። አባቷ መጋቢት 5 ቀን ደብዳቤውን ይዘው ከአልዩ አምባ ወደ ቤቴ መጡ። እሳቸውም እኛም ጾም ላይ ስለነበርን ውኃ እንኳ አላቀረብንላቸውም። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እንዲህ አሉኝ፦ «ሞቷ የአላህ ውሳኔ ነው፤ እሱን አልጠይቅም። እኛ ሰፈር ግን ‘ተነግሯት እምቢ ብላ ነው’ እያሉ ነው። እናቷ ከቤት መውጣት ትታለች። ጋሽ ገብረአብ፣ እርስዎ አብረዋት ኖረዋል። ልጄ ተነግሯት ነበር ወይ?»

አልተነገራትም አልኳቸው። ወረቀቱ የት እንደነበረም ነገርኳቸው። ደብዳቤውን አጠፉት። ከዚያ፣ «ይህንን በወረቀት ይስጡኝ፤ የእኔን ቃል ማን ያምነኛል?» አሉኝ።

ስለዚህ የሚከተለውን በአክብሮት እለምናለሁ።

ከሁሉ በፊት ጣቢያው ደብዳቤውን አርሞ፣ ማስጠንቀቂያው ከጥር 22 ጀምሮ በእድሩ ጸሐፊ በገብረአብ ወልደተንሣኤ እጅ እንደነበረና ለሟች እንዳልደረሰ በማኅተም ያረጋግጥልኝ። ስሜ ሙሉ ሆኖ ይጻፍ።

በተጨማሪም የመረከቢያ መዝገቡ ቃል «ወረቀቱን ተቀብያለሁ» ወደሚል እንዲለወጥ፣ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ የእድር ስብሰባ ሳይጠብቅ በዕለቱ በየግቢው ለተከራዮችና በየፋብሪካው በር እንዲነገር እጠይቃለሁ። በእኛ ሰፈር ለሚደረገው ሁሉ በእግሬ ለመዞር ዝግጁ ነኝ።

የማስጠንቀቂያውን ወረቀት ከነእጥፋቱ አያይዣለሁ። በፈጸምኩት ጥፋት የምጠየቅበት ሕግ ካለ በተጠራሁበት ሰዓት እቀርባለሁ።

የታረመው ደብዳቤ በፖስታ እንዳይላክ እለምናለሁ። ለእኔ ይሰጠኝ። አልዩ አምባ ወርጄ፣ አባቷ ጎረቤቶቻቸውን በሰበሰቡበት፣ ራሴ አነበዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከትሑት ሰላምታ ጋር

ገብረአብ ወልደተንሣኤ
(ፊርማ)