አባባ ፕሮግራም ሲሸጡ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ዛሬ አባባ ሳቁ! እማዬ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም። ዴንቨር፣ ሞንትቤሎ ሰፈር ካለው ቤታችን የሚወጡት ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር።

አጠገባችን ባለችው አውሮራ ከተማ አንድ ላይብረሪ ውስጥ የድሮው የዴንቨር ቤዝቦል ቡድን የጨዋታ ፕሮግራሞች፣ ስለ ጨዋታውና ስለ ተጫዋቾቹ የሚገልጹት ወረቀቶች፣ ለእይታ መቅረባቸውን ሰምቼ በግድ ይዣቸው ሄድኩ። አባባ እዚህ አገር እንደመጡ የመጀመሪያ ሥራቸው እነዚያን ፕሮግራሞች ስታዲየም በር ላይ መሸጥ ነበር። በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተደረደሩትን አንድ በአንድ አዩዋቸው። ጥንት አንድ እጥፍ ወረቀት የነበረው እያደር ባለቀለም መጽሔት ሆኗል። መሃሉ ላይ ግን ሁልጊዜ ተመልካቹ ነጥብ በእርሳስ የሚሞላበት ገጽ አለ።

«እንዴት ነበር የሚሸጡት?» አልኳቸው።

«እየጮህኩ ነዋ!»

«እስቲ ይጩሁ።»

ላይብረሪ መሆኑን ረስተው «ፕሮግራም! ፕሮግራማችሁን ያዙ!» ብለው በእንግሊዝኛ ለቀቁት። እኔ በድንጋጤ አፌን ያዝኩ። ከአዳራሹ ማዶ ግን የአንድ ሽማግሌ ድምፅ «ኦቾሎኒ! ትኩስ ኦቾሎኒ!» ብሎ መለሰ።

አባባ ደርቀው ቀሩ። «ሬይ?»

ሬይ እዚያው በር ላይ ኦቾሎኒ ይሸጥ የነበረ ጓደኛቸው ነው። ቡድኑ ከተማውን ለቆ ሲሄድ ተጠፋፍተው ነበር። ተቃቅፈው ሲስቁ ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

መኪና ውስጥ «ሰኞ ሬይ ምሳ ጠርቶኛል፤ ታደርሺኛለሽ» አሉኝ። ሰኞ ሥራ ነኝ። ማን ሺፍት እንደሚቀይረኝ እንጃ። እሳቸው ግን ከአሁኑ ሸሚዝ እያማረጡ ነው።