ወደ ቤት የሚመልስ ሰዓት

ለተከበርከው ወንድም ጋሼ፣ ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ ያ ከሩቅ የሚላከው ምክርህስ እንዴት ከረመ? እኛ ከእኔ ንዴት በቀር ሁላችን ደህና ነን።

ለአባባ የሩጫ ሰዓት ምረጥለት ብልህ፣ «ለጀማሪ ሯጭ ርቀትና ፍጥነት የሚለካ ሰዓት ይበቃዋል» ብለህ ጻፍክልኝ። ማን ፍጥነት ጠየቀህ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! አባባን እንደሆነ ዔሊም ይቀድመዋል። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነድቶ፣ ዛሬ በእግሩ ሲሮጥ እንኳ በየፌርማታው ይቆማል። እኔም ከኋላው «ወራጅ አለ!» እያልኩ አስቀው ነበር።

ባለፈው እሁድ ግን ብቻውን ሮጦ የድሮ ቤታችንን በር ሲደበድብ፣ አሁን እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ይዘውት መጡ። «ቁልፉን ማን ለወጠው?» ብሎ እኔ ላይ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ «ወራጅ አለ» ማለት ትቻለሁ።

ስለዚህ ፍጥነት፣ የልብ ምት፣ እንቅልፍ የሚለካውን ሰዓት ሁሉ ተወውና፣ በቀስት እየመራ ወደ ቤት የሚመልስ፣ ያለበትንም በእኔ ስልክ የሚያሳይ ምረጥ። ባትሪው ቶሎ የሚሞት ከሆነ አናትህ ላይ ነው የምሰብረው! ደግሞ በሰው እጅ እንዳትልክ፤ ራስህ ይዘኸው ና።

የአባባን ሰላምታ እኔው ተቀብዬልሃለሁ፤ ዛሬ ጠዋት በአንተ ስም ሲጠራኝ «አቤት» ብዬ የጫማውን ክር አሰርኩለት።

ታናሽህ፣ ያ ቀበጥ